አይደገፍም

አፕል አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ጡረታ የሚያወጣው በአንዲት ቃል ነው፤ «አይደገፍም»። አዲሱን ማክ ኦኤስ ልትጭኑ ስትሞክሩ ይህ ስሪት በዚህ ኮምፒውተር ላይ አይደገፍም ይላችኋል። ልብ በሉ፣ አይችልም አላለም። ተበላሽቷል፣ አቅም የለውም አላለም። እኛ ሰፈር አንድ ጎበዝ ልጅ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ «ልጁ ችሎታ አለው፣ ሰው ነው የሌለው» ይባላል። አይደገፍም ማለት እንደዚያ ነው። ማሽኑ ሰው የለውም።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የአፕልን ነገር በኛ አቆጣጠር ስጽፈው ለራሴም ይምታታብኛል።)

የማወራው ስለ አንድ ማክቡክ ፕሮ ነው። በ2012 አጋማሽ የወጣው፣ ባለ 13 ኢንች፣ በጎኑ ሲዲ የሚውጠው ወፍራሙ። ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 2.5 ጊጋኸርዝ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ይህን ሞዴል ሰው የሚወደው በምክንያት ነው። ጀርባው በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታል፣ ራሙ ይነቀላል፣ ዲስኩ ይቀየራል። ከሱ በኋላ የመጡት ቀጫጭኖቹ ራማቸው ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጡት፤ የገዛኸውን ይዘህ ትቀራለህ። አፕል ወፍራሙን እስከ 2016 ድረስ ሲሸጠው ነበር። የመጨረሻው የሚደገፍለት ሲስተም ግን በ2019 የወጣው ካታሊና ነው። በ2020 ቢግ ሰር ሲመጣ ስሙ ከዝርዝሩ ወጣ። በ2016 ከመደርደሪያ ላይ አዲስ አድርጎ የገዛው ሰው አራት ዓመት ነው የተጠቀመው ማለት ነው።

ማሽኑ የኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው። አብረን አንድ ቢሮ ሠርተናል፤ እሷ ለቅቃ በግሏ መሥራት ጀመረች። ላፕቶፑን ቨርጂኒያ ያለች አክስቷ የልጆቿን አሮጌ ዕቃ ስታጸዳ አግኝታ በሰው ሻንጣ ልካላት ነው። ብዙዎቻችን እጅ ያለው ማክ ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ከሱቅ ሳይሆን ከሻንጣ ነው የሚወጣው። እዚያ አይደገፍም ሲባል እዚህ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ነው የምንጀምረው።

የወሰደችው ሥራ የዕቁብ መተግበሪያ ነበር። ነጋዴዎች ናቸው አሠሪዎቹ፤ ማን ከፈለ፣ ለማን ደረሰ፣ ማን ዋስ ጠራ የሚለውን በስልክ ማየት ይፈልጋሉ። በፍለተር ጻፈችው፣ የአንድሮይዱ ተለቀቀ፣ ሰዉ መጠቀም ጀመረ። ችግሩ የዕቁቡ ዳኛ ራሳቸው የያዙት አይፎን መሆኑ ነው። የቀረው ግማሽ ክፍያ የሚለቀቀው መተግበሪያው አፕ ስቶር ላይ ሲወጣ ነው ተባለ። ያ ግማሽ ክፍያ የአራት ወር የቤት ኪራይዋ ነበር።

አሁን ሰንሰለቱን ተመልከቱ። ለአይፎን የተሠራ ነገር አፕ ስቶር ላይ ለመጫን ኤክስኮድ ያስፈልጋል። ኤክስኮድ ከማክ ውጭ አይሠራም። አፕል ደግሞ ከኤፕሪል 29፣ 2024 ጀምሮ የሚጫን ሁሉ በኤክስኮድ 15 የተሠራ ይሁን አለ። የመጀመሪያዎቹ የኤክስኮድ 15 ስሪቶች ቢያንስ ማክ ኦኤስ ቬንቹራ 13.5 ይፈልጋሉ። ካታሊና ላይ የሚሠራው የመጨረሻ ኤክስኮድ 12.4 ነው። እንግዲህ በእጇ ያለው ማክ፣ ማክ ሆኖ ማክ መሆኑ የማይጠቅምበት ነገር ሆነ። ማርች መጨረሻ ላይ ነበርን፤ ወር ብቻ ቀርቷታል።

በኢንተርኔት የሚከራይ ማክ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለፍለተር ኮድ ገንብተው የሚሰጡ አገልግሎቶችም አሉ። ግን አብዛኞቹ የውጭ ካርድ ይላሉ፣ እሷ የላትም። ደግሞ መተግበሪያው አይፎን ላይ ብቻ ሲወድቅ ስልኩን በገመድ ሰክተህ፣ ሎጉን እያየህ ካልሆነ በስተቀር ጨለማ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። «አንተ ያንን የሃኪንቶሽ ነገር ትሠራ አልነበር?» አለችኝ። እሠራ ነበር።

ሃኪንቶሽ ማለት ማክ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ ማክ ኦኤስ መጫን ነው። አፕል በ2006 ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሲዞር የሱ ማሽንና የኛ ማሽን አንጀታቸው አንድ ሆነ፤ ልዩነቱ መግቢያው ላይ ያለው ዘበኛ ብቻ ሆነ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በተራ ላፕቶፕ ላይ ሃይ ሲየራን ጭኜ አንድ ዓመት ገደማ ተጠቅሜበታለሁ። ተጠቅሜበታለሁ ከምል አስታምሜዋለሁ ብል ይሻላል። የኢንቪዲያ ግራፊክሱ ከኢንቴሉ ጋር ተጣምሮ የተሠራ ስለነበር አጥፍቼው ነው የኖርኩት፤ በዚያ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ የሚያሠራው ድራይቨር የለም። የኢንቴል ዋይፋዩ በጊዜው ምንም ድራይቨር ስላልነበረው ኢንተርኔቱ ከስልኬ በዩኤስቢ ገመድ ነበር የሚመጣው፤ ለዚያውም ሆርንዲስ የምትባል ትንሽ ድራይቨር ተጭና። የባትሪው መቶኛ እንዲታይ የኮምፒውተሩን የኤሲፒአይ ሰንጠረዥ አውጥቼ ማረም ነበረብኝ፤ የማክ ድራይቨሩ የባትሪውን መረጃ በ8 ቢት በ8 ቢት ካልሆነ ማንበብ ስለማይችል ባለ 16 ቢቱን ሁሉ ለሁለት መሰንጠቅ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ስክሪኑ ላይ የተከለከለ ምልክት፣ ያ ክብ ላይ የተሰመረው፣ እየመጣ «አሁንም ዋናውን ዲስክ እየጠበቅኩ ነው» እያለ ይቆም ነበር። መፍትሄው ምን ሆነ? ፍላሹን ከሰማያዊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ነቅሎ ጥቁሩ ላይ መሰካት። ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተማርኩት በአብዛኛው ለፈተና ነበር፤ ኮምፒውተር ሲነሳ በትክክል ምን በምን እንደሚከተል የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ሕጉስ? የአፕል ፈቃድ ማክ ኦኤስን የአፕል ስም ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ጫኑ ይላል። ሳይስታር የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሃኪንቶሽ ሠርቶ ሊሸጥ ሲሞክር አፕል በ2008 ከሰሰው፤ በ2009 ረታው፣ በ2011 ይግባኙም ጸናለት። ሲስተሙ ውስጥ ራሱ «ማክ ኦኤስን አትስረቁ» የሚል ስም ያለው ፋይል አለ፤ ቀልድ አይደለም፣ ሥራውም ማሽኑ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የተማሪ ላፕቶፔን በተመለከተ መከራከሪያ የለኝም። የጓደኛዬ ማሽን ግን ጀርባው ላይ ፖም አለበት። የተገዛ ነው፣ የተከፈለበት ነው፣ የአፕል ስም ያለው ኮምፒውተር ነው። እዚህ ላይ ህሊናዬ ምንም አይለኝም።

ለእንደዚህ ዓይነት ማሽን የሚሆነው መሣሪያ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር ይባላል። ዶርታኒያ በሚል ስም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነው፤ በነፃ፣ ኮዱም ክፍት ሆኖ። ኦፕንኮር መጀመሪያ ለሃኪንቶሽ የተሠራ ማስነሻ ነው። ዲስኩ ላይ ባለች ትንሽ ድብቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ማክ ኦኤስ ከመነሳቱ በፊት ይነሳል። ዘበኛው «ሞዴልህ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው እሱ ነው። በጣም የወደድኩት መልሱን ነው። «እኔ አዲስ ሞዴል ነኝ» ብሎ አይዋሽም። «እኔ እኮ ሥጋ ለባሽ ማሽን አይደለሁም፣ ቨርቹዋል ማሽን ነኝ» ነው የሚለው። ማክ ኦኤስ በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ቨርቹዋል ማሽን ሲሠራ የሞዴል ዝርዝሩን አያይም፤ ስለዚህ ዘበኛው እጁን አወዛውዞ ያሳልፈዋል። ዝርዝሩ የአቅም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በዚህ አይታለፍም ነበር።

ግን ፍትሃዊ ልሁን፤ ሁሉም ነገር ዝርዝር ብቻ አይደለም። ሁለት እውነተኛ ግድግዳዎች አሉ። አንደኛው ግራፊክስ ነው። ይህ ማሽን ኢንቴል ኤችዲ 4000 ነው ያለው፤ አፕል በ2021 ሞንተሬይ ሲያወጣ የዚህን ድራይቨር ከሲስተሙ አወጣው። ሁለተኛው ጠንከር ይላል። ቬንቹራ የተሠራው ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ 2 የሚባሉትን ትእዛዞች ያውቃል ተብሎ ነው። እነዚህ የመጡት በ2013 ከሃስዌል ትውልድ ጋር ነው፤ የ2012ቱ አይቪ ብሪጅ አያውቃቸውም። የማታውቀውን ትእዛዝ ለፕሮሰሰር ብትሰጠው ይወድቃል፣ በቃ። ታዲያ እንዴት ቬንቹራ ይነሳል?

መልሱ የሚገርም ነው። አፕል ከ2020 ጀምሮ የራሱን ፕሮሰሰር፣ ኤም 1ን እና ተከታዮቹን ሲያወጣ፣ የድሮዎቹ የኢንቴል ፕሮግራሞች በአዲሱ ላይ እንዲሠሩ ሮዜታ የሚባል አስተርጓሚ አብሮ ሰጠ። ያ አስተርጓሚ በጊዜው ኤቪኤክስ 2 አያውቅም ነበር። ስለዚህ አፕል ለአዲሶቹ ማሽኖቹ ሲል ኤቪኤክስ 2 የሌለበት የሲስተም ላይብረሪ ቅጂ ማስቀመጥ ነበረበት። ፓቸሩ የሚያደርገው ጫኚው ያንን የአዲሶቹን ቅጂ ለአሮጌው እንዲያወጣለት ማድረግ ነው። የ2012ቱ ማሽን በ2024 የተነሳው አዲሶቹን ለማገልገል በተቀመጠ ፍርፋሪ ነው። ይህን ያገኘው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ።

ወደ ሥራው። ቅዳሜ ጠዋት መገናኛ ሄደን ያገለገለ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዛን። ለማንም የምመክረው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ቬንቹራ መጫን ራስን መቅጣት ነው። ፍላሽም ገዛን፣ 64 ጊጋ የሚል። ሻጩ ልጅ «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፣ ካልሆነ መልሰህ አምጣ» አለኝ። የቬንቹራውን ጫኚ፣ 12 ጊጋ ገደማ ነው፣ ዓርብ ማታ ቢሮ ቀርቼ አውርጄው ነበር። በሞባይል ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም።

ፍላሹ ላይ መጻፉ ያለ ችግር አለቀ። ቡት አደረግን፣ የአማራጭ ቁልፉን ይዘን ኢኤፍአይ ቡት የሚለውን መረጥን፣ የኦፕንኮር ዝርዝር መጣ፣ ጫኚውን መረጥን፣ ፖሙ መጣ፣ መስመሩ ሄደ ሄደ፤ ከዚያ ይህ የመጫኛ ቅጂ ተበላሽቷል የሚል መልእክት።

ይህን መልእክት የማታምኑት ዓይነት አድርጋችሁ ያዙት። ቢያንስ ሁለት ፍጹም የማይገናኙ ነገሮች ተመሳሳይ ቃል ያስወጡታል። አንዱ በእርግጥ ፋይሉ ሲበላሽ ነው። ሌላው ሰዓት ነው። ጫኚው በሰርተፊኬት የተፈረመ ነው፤ ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ማሽኑ ቀኑን ካላወቀ ፊርማው ገና ያልተጻፈ ይመስለዋል። የጓደኛዬ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። ከጫኚው ምናሌ ተርሚናል ከፍተን ቀኑን ስንጠይቀው ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ነበር። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት መቅረት ለምደናል፤ ይሄኛው ግን በዛ። ወርና ቀኑን፣ ሰዓትና ደቂቃውን፣ ከዚያ ዓመቱን አከታትሎ መጻፍ ነው፤ ዕረፍት የሌለው አንድ ቁጥር። ጻፍን፤ ተስተካከለ። ጫኚውን እንደገና አስጀመርን። ተበላሽቷል።

አሁን ቀሪው ተጠርጣሪ ፋይሉ ነው። ያወረድኩት ቅጂ የኔ ላፕቶፕ ላይ ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ በኔ ላፕቶፕና በሷ ማሽን መካከል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኤፍ 3 የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች። ፍላሹን እስከ አፉ በሚታወቅ መረጃ ትሞላዋለች፤ ከዚያ መልሳ ታነበዋለች፤ የጻፈችውና ያነበበችው ካልተመሳሰለ ትነግራችኋለች። ባለ 64ቱ ፍላሽ በትክክል የሚይዘው 8 ጊጋ ሆነ። ከዚያ በላይ የተጻፈውን «እሺ» ብሎ ይቀበላል፣ የትም አያስቀምጠውም። ይህን ከማጭበርበር ሁሉ የሚለየው ሥርዓት ያለው መሆኑ ነው፤ ስታስረክበው እያመሰገነ ይቀበልሃል፣ ስትጠይቀው ነው ባዶነቱን የምታውቀው። ልጁ እንደ ቃሉ መለሰልን ልበል? ሰኞ ስንሄድ «እኛም ተሸውደን ነው» ብሎ ሌላ ሰጠን፤ እዚያው ቆመን 40 ደቂቃ ፈተሽነው። በሱቁ ደንበኞች ፊት ፍላሽ መፈተሽ ጥሩ ነገር ነው፤ ሁለት ሰዎች ኤፍ 3ን ከየት እንደሚያገኙ ጠየቁኝ።

ሰኞ ማታ በሁለተኛው ፍላሽ ጫኚው ሮጠ። እዚህ ላይ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ የሚፈራው ነገር ሆነ፤ መጫኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ ያንን የተከለከለ ምልክት ይዞ ተነሳ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ማሽኑን ገደልነው» ይላል። ምልክቱ ግን ማለት የፈለገው በኦፕንኮር በኩል አልገባችሁም ነው፤ በቀጥታ በዘበኛው በር ሄዶ ተመልሷል። ከጎረቤት ዩፒኤስ ተዋስን፣ ዲስኩን አጥፍተን ከዜሮ ጀመርን፣ ኦፕንኮር ዝርዝሩ ላይ ስንመርጥ የኮንትሮል ቁልፉን ተጭነን ሁልጊዜ በዚህ በኩል ግባ አልነው። መጫኑ በመሀል ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋና ስለሚነሳ ይህች ቁልፍ እንቅልፍ ታስተኛለች። ደግሞ ከፖሙ ይልቅ ጽሑፉን አስወጡት፤ ኦፕንኮር ማሽኑ ሲነሳ የሚያደርገውን ሁሉ በጽሑፍ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ፖሙ ቆንጆ ነው፣ ግን ምንም አይናገርም። ጽሑፉ ሲቆም የመጨረሻዎቹን አምስት መስመሮች በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ፍለጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቬንቹራ ተነሳ። ጓደኛዬ ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ደስታ አልነበረም። መስኮት ስትከፍት ስክሪኑ በቁራጭ በቁራጭ ይሳላል፤ አይጧ ከእጇ ግማሽ ሰከንድ ዘግይታ ትከተላለች። «በዚህ ነው ኤክስኮድ የምከፍተው?» አለች። ይሄ የመጀመሪያው ግድግዳ ነው፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ የለም፣ ስዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ በእጁ እየሳለ ነው። ፓቸሩ ከተጫነ በኋላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ የኤችዲ 4000ን የድሮ ድራይቨር ወደ ሲስተሙ መልሶ ማስገባት። አስር ደቂቃ፣ አንድ ሪስታርት፤ ሲመለስ እንደ ሰው ኮምፒውተር ሆነ።

የዚህ ዋጋ ምን እንደሆነ እዚያው ሌሊት ነገርኳት፤ እዚህም ልናገር፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል። ከቢግ ሰር ጀምሮ የማክ ኦኤስ ሲስተም ዲስክ በማኅተም የታሸገ ነው፤ አንድ ፋይል ቢነካ ማኅተሙ ይሰበራል። ድራይቨር ስናስገባ ሰብረነዋል። ለመስበርም የሲስተም ጥበቃውን በከፊል ማላላት ነበረብን። ይህ ማሽን ከአዲስ ማክ ይልቅ ለጥቃት ክፍት ነው። በሌላ በኩል ምንም የደኅንነት ማስተካከያ ከማያገኘው ካታሊና ይሻላል ወይ ብትሉኝ፣ ይሻላል እላለሁ፤ ግን የደንበኛ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ነገር አልከፍትበትም። ሁለተኛ፣ ማኅተሙ ስለተሰበረ አፕዴት ሲመጣ ጥቂት ጊጋ በማውረድ አያልቅም፤ ሲስተሙ በሙሉ፣ 12 ጊጋው፣ ከነሕይወቱ ነው የሚወርደው። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩን እንደገና ማስገባት ነው። አውቶማቲክ አፕዴቱን በዚያው ሌሊት ዘጋሁት።

የቀረው ቶሎ አለቀ። ኤክስኮድ 15 ሦስት ጊጋ ገደማ ነው፤ ከጥቅሉ ሲፈታ የላፕቶፑ ፋን እንደ ፀጉር ማድረቂያ ጮኸ። በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራውን የአይፎን ማስመሰያ አልጫንነውም፤ 7 ጊጋ ተጨማሪ ነው፣ እውነተኛ አይፎን ደግሞ ተውሰናል። የመጀመሪያው ግንባታ 31 ደቂቃ ፈጀ። የኔ ላፕቶፕ ላይ የአንድሮይዱን በሦስት ደቂቃ ነበር የምገነባው፤ እሷ ግን ሰዓቱን አላየችውም፣ ቡና አፍልታ መጣች። የአፕል የገንቢነት ዓመታዊ ክፍያ፣ 99 ዶላሩን፣ ያቺው የቨርጂኒያ አክስት በካርዷ ከፈለችላት። ኤፕሪል ሁለተኛ ሳምንት ላይ ተጫነ። አንድ ጊዜ ተመለሰ፤ መለያ የሚከፈትበት መተግበሪያ ሁሉ ተጠቃሚው መለያውን ከውስጥ መሰረዝ እንዲችል ማድረግ አለበት፣ ከ2022 ጀምሮ ያለ ደንብ ነው። ዕቁብ ውስጥ ገንዘብ ያለበት ሰው መለያውን ቢሰርዝ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለብቻው አንድ ቀን አከራከረን። (አይችልም። ደርሶት የበላ ሰው ጨርሶ ሳይከፍል አይወጣም። ዳኛውን ስትጠይቃቸው ያለ ማመንታት «በወረቀቱም አይቻል!» ነው ያሏት፤ ስለዚህ ጥያቄው ተቀባይነት የሚያገኘው ዕዳው ሲያልቅ ነው የሚል ገጽ ሠራች።) ከዚያ አለፈ። ግማሽ ክፍያው ገባ።

ይህን ለማን ነው የምመክረው? ማክ ኦኤስ ያምራል ብሎ ብቻ ለሚፈልግ አልመክርም። አሮጌ ማክ ይዛችሁ የምትፈልጉት ብሮውዘርና ሰነድ መጻፊያ ከሆነ ሊኑክስ ጫኑ፤ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ የሚሰበር ማኅተምም የለውም። ማሽኑ ከ2010 በፊት የተሠራ ከሆነማ ቬንቹራ ላይ ኪቦርዱም ላይሠራ ይችላል፤ የእነዚያ ኪቦርድና ታችፓድ በውስጥ የተያያዙት በዩኤስቢ 1.1 ነው፣ ቬንቹራ ደግሞ እሱን ትቶታል። ፓቹ እስኪገባ ድረስ ውጫዊ ኪቦርድና አይጥ በዩኤስቢ 2.0 ማከፋፈያ በኩል መሰካት ያስፈልጋል፤ በቀጥታ ብትሰኩት አይገባውም። ግን እንደ ጓደኛዬ፣ መሥራት ያለባችሁን ሥራ በር ላይ የያዛችሁ አንድ የስሪት ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ አድርጉት። ዲስኩ ላይ ያለውን ነገር መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ዩፒኤስ ተዋሱ፣ ፍላሹን ፈትሹ።

በሐምሌ፣ ጁላይ 29፣ 2024፣ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ያገለገለ ማክ የምንጠይቃቸው ነጋዴዎች ሁሉ ዋጋ መናገር አቆሙ፤ «ነገ ደውል» ሆነ መልሱ። ጓደኛዬ ለአዲስ ስታጠራቅም የነበረችው ብር በአንድ ሳምንት ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ ሄደ። ስለዚህ ወፍራሙ ማክ ቀጠለ። አፕል በኤፕሪል 2025 ኤክስኮድ 16 ይሁን ሲል ደግሞ ያ ቢያንስ ሶኖማ 14.5 ስለሚፈልግ እንደገና ጫንን። ያኔ ዋይፋዩ ጠፋ፤ ሶኖማ የድሮዎቹን የዋይፋይ ካርዶች ድራይቨር አውጥቷል። ደግነቱ ወፍራሙ የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳ አለው። ገመድ ሰካን፣ ፓቹን አስገባን፣ ዋይፋዩ ተመለሰ። ሁለተኛው ጊዜ በአንድ ከሰዓት አለቀ፤ አብዛኛውን የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ ቡና ጠጣሁ።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ አፕል ታሆ በኢንቴል ማኮች ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ማክ ኦኤስ ነው ብሎ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ያሉት ለራሱ ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚሠሩት። ፓቸር የሚያደርገው ያለን ነገር መመለስ ነው፤ ድራይቨር አውጥተህ ሰው ሊመልሰው ይችላል፣ ለኢንቴል ጭራሽ ያልተሠራ ሲስተም ግን ከየትም አይመጣም። እንግዲህ ወፍራሞቹ ቀናቸው ተቆጥሯል። ጓደኛዬ ባለፈው ጥቅምት ያገለገለ ኤም 1 ኤር ገዛች፤ የአክስቷ ልጅ ለሠርግ ሲመጣ ነው ያመጣላት፣ በሻንጣ። ወፍራሙ ለታናሽ ወንድሟ ተላለፈ። ሊኑክስ ጭኖበታል፤ አንድ ቀን ደውሎ የሲዲ ማስገቢያውን አውጥቶ በቦታው ሁለተኛ ዲስክ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቻላል፤ መግጠሚያ ፍሬሙ መገናኛ ይገኛል።

ሁለተኛው ፍላሽ፣ እውነተኛው፣ ከነቬንቹራው ለስድስት ማሽኖች አገልግሏል። አሁን የት እንዳለ አላውቅም። መጨረሻ የወሰደው ልጅ የ2013 ማክቡክ ኤር ነበር የያዘው፣ «እሁድ እመልሳለሁ» ብሎኝ ነበር። ይህን ካነበብክ፣ ሌላ የሚጠብቅ ሰው አለ።